በመጋረጃው ሥር ያለፈው ሽቦ

ኢኖባት ጧት ጧት፣ ሻይ ሳትጥድ፣ የሙዚቃ ኪቦርዷን የከፈይ ሽፋን ገፍፋ ታጥፋለች፤ ማብሪያውን ትጫናለች፤ ስክሪኑ እስኪበራ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታጠልቃለች፤ ከዚያ አራተኛውን ቁልፍ ትነካለች። ወደ ውጭ የሚወጣ ድምፅ የለም። በር ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያየው በቤት ልብሷ የተቀመጠች፣ ዓይኗን የጨፈነች ወፍራም ሴትና ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት ብቻ ነው። ትንሽ ቆይታ ታጠፋዋለች፤ ሽፋኑን ትመልሳለች፤ ሻይ ትጥዳለች። ልጇ ከሩሲያ ለእረፍት ሲመጣ፣ "እማ፣ ጸሎት ነው ሥራ?" ይላታል።

"ማሽኑ እንዳይበርደው ነው" ትለዋለች።

ለስድስት ዓመት እንዲህ አደረገች። ቡኻራ ከተማ ውስጥ፣ በቦዩ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ምን እንደምትሰማ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

በወጣትነቷ ብቻዋን አልነበረችም። በሴቶች ድግስ ላይ የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው፤ እነሱም ሦስት ነበሩ። ሆሲያት አፓ፣ አፓ የምንለው ታላቅ እህትን ነው፣ መሪ ነበሩ፤ ዘፈኑን ያወጣሉ። ኢኖባት ትቀበላለች፣ አኮርዲዮን ትጫወታለች። ከሁሉም የምታንሰው ሉትፊያ ዶይራ ትመታለች፤ በግራ እጅ ተይዞ በሁለቱም እጅ ጣቶች የሚመታውን ሰፊ ክብ ከበሮ። ሉትፊያ ስትመታ ዓይኗ ከደናሾቹ እግር አይነቀልም። ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ከተነሳች፣ እግሯ መሬት እስኪነካ በጥቂቱ ትጠብቃታለች። አሮጊቷ መጠበቋን አታውቅም፤ ጉልበቷ የዳነ ይመስላታል።

ኪቦርዱን ያመጣው ልጇ ነው። ውስጡ ኮምፒውተር ያለበት ዓይነት ነው፤ ምት ይመታል፣ ባስ ይከተላል፣ ከውጭ የሰማውን ድምፅ ቀድቶ ያስቀራል። በመጣበት ቀን ሦስቱ ሴቶች ከበውት ተቀመጡ።

"አይበላም፣ አይጠጣም፣ አያኮርፍም" አለች ኢኖባት።

"ታዲያ ሰርግ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?" አሉ ሆሲያት አፓ።

"ጉንፋን ሲይዘኝ በአንድ ቁልፍ ዘፈኑን ዝቅ ያደርግልኛል። ብቻዬን ተቀምጬ ሃምሳ ሰው የሚጫወት ይመስላል።"

"ሃምሳ ሰው?" ሉትፊያ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ጀርባ አየች። "መውጫቸው በየት በኩል ነው?"

ሆሲያት አፓ በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት ሞቱ። ሰርጉም ከግቢ ወደ አዳራሽ ወጣ። የአዳራሾቹ መድረክ ጠባብ ነው፤ ባለቤቶቹም የሚመገበው ሰው ሲቀንስላቸው ደስ ይላቸዋል። "አፓ፣ አንቺ ብቻሽን ነይ። ከማሽኑ ጋር ስትሆኚ እኮ ብዙ ነሽ" ይሏታል ኢኖባትን። ማሽኑ የእያንዳንዱን ዘፈን ፍጥነት ያስታውሳል፤ ከየትኛው ቀጥሎ የቱ እንደሚመጣ ያስታውሳል፤ ጧት የጀመረበትን ጉልበት ማታም አያጣውም። ኢኖባት ይህን ሁሉ ትወድለት ነበር፤ አትክድም።

ጉዱም ብዙ ነው። አንድ የጥር ቀን ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ለእንግዶቹ እጅ እየነሳች ሳለ መብራት ጠፋ። ሃምሳው ሰው ባንዴ ሞተ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የሙሽራው እናት ሥጋ ሲያላምጡ ብቻ ሆነ። በእንግድነት የመጣችው ሉትፊያ ከገበታው ላይ የመዳብ ትሪ አንስታ፣ ፍርፋሪውን አራግፋ፣ መብራት እስኪመጣ መታች። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ስክሪኑ ይደርቃል። የማሽኑ ሐኪም ያለው ጊጅዱቫን ከተማ ነው፤ ባህሪዲን የሚባል፣ እሱም በየሰርጉ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው። ባለፈው በጋ ማሽኑ እሱ ዘንድ ሰንብቶ ነው የመጣው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከበሮው ነበር። ፋብሪካው ያስገባው ዶይራ ንጹሕ ነው፤ አይሳሳትም። አሮጊቶቹ ግን አልተነሱለትም። በየወንበራቸው ተቀምጠው ሻሻቸውን እያስተካከሉ ያዩታል። "ይሄ ከበሮ ማንን ነው የሚያየው?" አለች አንዷ። አሮጊቶቹ ካልተነሱ ወጣቶቹ አይነሱም፤ ወጣቶቹ ካልተነሱ በሚቀጥለው ሰርግ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ኢኖባት የሉትፊያን እጆች ማሽኑ ውስጥ ለማስቀረት አሰበች። ሉትፊያ "እሺ አፓ" ትላለች፤ ግን ጊዜ አልነበራትም፤ በየመንደሩ ትዞራለች። ከዚያ ብዙ ዓመት ስትጠብቅ የኖረችውን ልጅ ወለደች። የአራስነት አርባ ቀኗ፣ አርባዋ የምንለው፣ እስኪወጣም ቤት ተቀመጠች። ኢኖባት የምሥራቹን ሰምታ ስትመለስ፣ መንገድ ላይ፣ አሁን የሉትፊያ እጅ ሥራ ፈቷል ብላ አሰበች።

እኛ ዘንድ አራስ የምትተኛው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ሕፃን አርባው ሳይወጣ ለባዳ ዓይን አይሰጥም፣ ፎቶም አይነሳም። አራሷም ሙሽራ ፊት አትቀርብም፤ ከቀረበች አርባዋ ሙሽራይቱ ላይ ይወድቃል፣ ሙሽራይቱ አትፀንስም ይባላል። ኢኖባት ግማሽ ዕድሜዋን ሙሽሮች አጠገብ ያሳለፈች ሴት ናት፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ደጃፉ ጋ ተቀመጠች። ያሳለፈችው የማይክራፎኑን ሽቦ ብቻ ነው፤ በመጋረጃው ሥር።

"አፓ፣ እንዳታዪኝ" አለች ሉትፊያ ከውስጥ።

"ምንሽን ነው የማይሽ? ወደ ግድግዳው ዞሬያለሁ። የመጣው ሽቦው ነው።"

"ሽቦ ዓይን የለውም።" ሳቀች። "ቶሎ በይ፣ አማቴ ከገበያ ሳይመለሱ። አራስ ከበሮ መታች ቢባል ከነመጋረጃው ነው የሚያስወጡኝ።"

"ልጅቷስ?"

"አልጋዋ ላይ ናት፣ ተኝታለች።"

"ማንን ትመስላለች?"

"አርባ ስንወጣ ታያታለሽ።"

ሉትፊያ መታች። ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስተኛውን ያዙት። ኢኖባት አራተኛው ቁልፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ሌሎቹ ተይዘው ስለነበር ነው። ሽቦውን ስባ ስትጠቀልል ከመጋረጃው ሥር የሕፃን ሽታ አብሮ ወጣ፤ ወተትና የተቃጠለ የአደስ ቅጠል ዓይነት።

ጉልሩህ ተብላ የተጠራችው ሕፃን አርባዋ ሳይሞላ በትኩሳት ሞተች።

ሉትፊያ ከበሮውን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ወዲያ አላወረደችውም። የወርቅ ክር ጥልፍ ያዘች፤ ለሙሽሮች ካባ ከፈይ ላይ ትጠልፋለች። ልጅ አልደገመችም። ባሏ ጥሩ ሰው ነው፤ ሌላ አላገባም፤ ግን ቤት ውስጥ ብዙ አይናገርም።

ኢኖባት አራተኛውን ቁልፍ አንድ ዓመት ሙሉ አልነካችውም። ከዚያ አንድ ሰርግ ላይ አሮጊቶቹ ድንጋይ ሆነው ሲቀመጡባት ጣቷ ሄደ። አሮጊቶቹ ቀና አሉ። ከበሮው ከሦስተኛው ምት በኋላ ትንሽ፣ ጥቂት ብቻ፣ ይዘገያል፤ አራተኛውን ምት ሰው ጠብቆ እንደሚመታ ነው። አንድ የልብ ምት የምታህል መዘግየት ናት። አንዷ ወንበሯን ይዛ ተነሳች፤ ሌላዋ ተከተለቻት፤ ወጣቶቹ ጎረፉ። "ሉትፊያ መጣች እንዴ?" እያሉ በመድረኩ ጀርባ የፈለጉ ነበሩ። ኢኖባትም እንዴት እንደቀዳችው፣ ስለ መጋረጃውና ስለ ሽቦው፣ እዚያው ገበታ ላይ እንደ ጨዋታ አድርጋ ተናገረች። የተናገረችው ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ሰፈሩ ግን ያዘው።

በማግስቱ ጧት ማዳመጫውን አድርጋ ቆጥቁጧት የነበረውን መዘግየት ለመመርመር ተቀመጠች። ያኔ ነው የሰማችው። ከሦስተኛው ምት በኋላ፣ ከበሮው በሚጠብቅባት ክፍተት ውስጥ፣ ትንፋሽ አለ። የአዋቂ አይደለም። አጭርና እርጥብ ነው፤ መጨረሻው ላይ በትንሹ ይነጠቃል። ማሽኑ የቀዳውን ቁራጭ እያዞረ ስለሚደጋግም፣ ትንፋሿም በየዙሩ ትመለሳለች። አዳራሽ ውስጥ በዚያ ሁሉ ጩኸት ማንም አይሰማትም። ግን ነበረች፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ፣ ሴቶቹ ላብ በላብ እስኪሆኑ፣ ያቺው አንድ ትንፋሽ መልሳ መላልሳ።

ለሉትፊያ አልነገረቻትም። መጀመሪያ ቁስሉ ትኩስ ነው ብላ ነው። በኋላ ደግሞ በዚያ ምት ስንት ሰርግ ተጫውታበታለች፤ ምን ብላ ትጀምር?

ሉትፊያ እጆቿን ከቦዩ ማዶ ካለው አዳራሽ ትሰማቸው ነበር። ኢኖባት ከሰርግ ስትመለስ ሩዝና ሥጋ በፎጣ ቋጥራ በሯ ላይ ትቆማለች።

"አፓ፣ እጆቼ ዛሬ የት ዋሉ?"

"ካራኩል ነበሩ። ሲሸለሙ ዋሉ።"

"ሥጋም በሉ እንዴ? ወፈር ብለው ይሆናል፤ ቀለበቴ እየጠበበኝ ነው።"

እንዲህ ይቀልዳሉ። አንድ ቀን ግን ሉትፊያ ቋጠሮውን ተቀብላ በሩን ሳትዘጋ፣ "እዚያ ማዶ ሲመታ ስሰማ የሆነ ሰው ቤቴ ገብቶ ዕቃዬን እያነሳ የሚያስቀምጥ ይመስለኛል" አለች። ኢኖባት ሩዙ ሳይበርድ ብዪ ብላት ሄደች።

ባለፈው መስከረም ሳዮራ ኾላ መጡ። ሳዮራ ኾላ፣ ኾላ ማለት አክስት ነው፣ በሰፈሩ የሚፈሩ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ሙኒራን ካገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ልጅ የለም። ምራታቸውን አስከትለው ገቡ። ሙኒራ ዳቦ በጨርቅ ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች። ሳዮራ ኾላ አልተቀመጡም።

"ያን ዕቃ ክፈቺው" አሉ፣ ወደ ኪቦርዱ በአገጫቸው እያመለከቱ።

"ኾላ፣ ሻይ ይቅመሱ።"

"ሻይ ቤቴ አለ። በልጄ ሰርግ ላይ የመታሽው ከበሮ የአራስ እጅ ነው። ያውም አርባዋ ላይ ልጅ የሞተባት። እውነት ነው ውሸት?"

"ማሽን ነው ኾላ። ሉትፊያ ቤቷ ነበረች።"

"አንቺ የመጋረጃው ነገር አልገባሽም እንዴ? መጋረጃ ለዓይን ብቻ ነው ያለሽ ማነው? የናፊሳ ምራት አልወለደችም፤ የዳቦ ጋጋሪው ምራት አልወለደችም። እነሱንም ያስጨፈርሻቸው አንቺ ነሽ።"

በዚያ ምት ከተሞሸሩት አብዛኞቹ ወልደዋል፤ መንታ የወለደችም አለች። የእነሱን ማንም አልቆጠረም። ኢኖባት ይህን ልትል አፏን ከፈተች፤ ሳዮራ ኾላ ግን አልጨረሱም።

"እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። አሮጊቶቹን ጠይቄያለሁ። ያ ከበሮ ሙሽራይቱ እያየች ከማሽኑ ይውጣ ብለዋል። ካላወጣሽው ልጅቷን ወደ አባቷ እመልሳታለሁ። ልጄም ጊዜው እየሄደበት ነው።"

ሙኒራ ከበሩ፣ በቀስታ፣ "እማማ፣ እኔ እኮ የዚያን ቀን ምንም አልሰማሁም፤ ጫማዬ እያመመኝ ነበር" አለች።

"አንቺ ዝም በይ፤ ከበሮ በጫማ በኩልም ይገባል።"

ኢኖባት ልጅቷን አየቻት። ዳቦውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች፤ ከዚያ ቤት ይዛው የምትወጣው እሱን ብቻ እንደሆነ ሁሉ። "ሦስት ቀን ስጡኝ" አለች ኢኖባት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኪቦርዱን በጋሪ ጭና ሉትፊያ ቤት ሄደች። ሉትፊያ ከጥልፉ ቀና ብላ፣ "ዛሬ ደግሞ ጠቅልለሽ መጣሽ? አባረሩሽ?" አለቻት። ኢኖባት አልሳቀችም። የሳዮራ ኾላን ነገር በሙሉ ነገረቻት። ሉትፊያ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"አጥፊው ታዲያ። የኔ እጅ ነው ብለሽ ፈቃድ ልትጠይቂኝ መጣሽ? ይጥፋ። ሌላ ከበሮ መቺ ጠፋ?"

"እሱ ብቻ አይደለም።"

"ምን አለ ደግሞ?"

ኢኖባት ማሽኑን ሰካች፤ ማዳመጫውን በሉትፊያ ሻሽ ላይ አደረገችላት፤ አራተኛውን ቁልፍ ተጫነች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ያን ጊዜ እንዳደረገችው። ግድግዳው ላይ ከበሮው ተሰቅሏል፤ ቆዳው ረግቧል።

ቀይዋ መብራት አጠገቧ ባለ የብረት ሳህን ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። በመጨረሻ ሉትፊያ ማዳመጫውን ሳታወልቅ፣ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚያወራ ጮክ ብላ፣ "አልጋዋ ላይ አልነበረችም" አለች።

"ምን?"

"ዋሽቼሽ ነው። አልጋዋ ላይ ስትሆን ታለቅስ ነበር። ግራ ጉልበቴ ላይ አስተኝቻት ነበር፤ ጭንቅላቷ እዚህ።" የግራ ክንዷን እጥፋት አሳየች። "ከበሮውን ከሷ ከፍ አድርጌ ነው የያዝኩት። ለዚህ ነው ግራ እጄ የሚዘገየው። እንዳልነካት ነው።"

ኢኖባት ተቀመጠች። ለስድስት ዓመት አሮጊቶቹ የተነሱላት መዘግየት ይህች ነበረች።

"አማቴ ፎቶ አላስነሱኝም" አለች ሉትፊያ። "አርባዋ ይውጣ አሉ። መልኳን ረስቼዋለሁ አፓ። ለሰው አልነግርም እንጂ ረስቼዋለሁ። ትንፋሿን ግን..." ጥቂት ዙር ሰማች። "በየቀኑ ትሰሚያት ነበር?"

"ጧት ጧት።"

"ለምን?"

"አንድ ሰው መስማት አለበት ብዬ።"

ሉትፊያ ማዳመጫውን አወለቀች። ትቆጣለች ብላ ኢኖባት ጠበቀች፤ ብትቆጣ ይቀላት ነበር። ሉትፊያ ግን መርፌዋን ፈልጋ ከፈዩ ላይ ሰካችውና፣ "ሙኒራ ስንት ዓመቷ ነው?" አለች።

"ሃያ አንድ ይሆናታል።"

"በሦስተኛው ቀን አብሬሽ እሄዳለሁ። እስከዚያ ማሽኑ እዚህ ይደር።"

ሁለት ቀን እዚያ አደረ። ባሏ ማሽኑን ዞሮ እያለፈ ወደ ሥራው ሄደ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። በሁለተኛው ቀን ሲመሽ ግን አጠገቧ ተቀምጦ የማዳመጫውን አንደኛ ጆሮ ተቀበላት።

ሳዮራ ኾላ ቤት ምንጣፉ ላይ ገበታ ተዘርግቶ ነበር፤ መካከሉ ላይ ዳቦ። ሁለት ጎረቤት አሮጊቶች ለምስክርነት ተቀምጠዋል። ሉትፊያ ስትገባ ሙኒራ በደመ ነፍስ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ አፈረችና ትራስ አቀረበችላት።

ኢኖባት ማሽኑን አበራች። ምቱን መረጠች፤ ማጥፊያውን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ።

"ምን ይላል?" አሉ ሳዮራ ኾላ።

"እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል።"

"ከሰው ይሻላል። ይጠይቃል።"

የኢኖባት ጣት አየር ላይ ቀረ። ሉትፊያ እጇን ዘርግታ፣ "አዎ የሚለው የቱ ነው?" አለች። ኢኖባት አሳየቻት። ሉትፊያ ተጫነችው፤ በግራ እጇ።

"አሁን ምቺው እስቲ" አሉ ሳዮራ ኾላ።

ኢኖባት አራተኛውን ቁልፍ ነካች። ቀይዋ መብራት በቀድሞ ፍጥነቷ ብልጭ ድርግም አለች። ድምፅ የለም። አሮጊቶቹ ባዶውን በጥንቃቄ አዳመጡት።

"ይሄ ዕቃ ብዙ ሆድ አለው ይባላል" አሉ ሳዮራ ኾላ። "ሌላ ቦታ አልደበቅሽውም?"

ኢኖባት እጇን ዳቦው ላይ ጫነች። "በዚህ ዳቦ፣ እኔ ዘንድ ሌላ የለም።"

ውሃው ቀረበ። በአርባ መውጫ ጊዜ በአራሷ ራስ ላይ የሚፈስ፣ በማንኪያ እየተቆጠረ ሳህን ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ሳዮራ ኾላ በሙኒራ ራስ ላይ ሊያፈሱት ሲሉ አንዷ አሮጊት ሉትፊያን አየቻት።

"አንቺን አርባሽን ማን አወጣሽ?"

ሉትፊያ አሰበች። "ማንም። ልጅቷ ስላልነበረች ውሃውን የሚያስታውስ አልተገኘም።"

ሳዮራ ኾላ ሳህኑን ይዘው ቆዩ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ እንዳሉትም ነው። "ሰባት ዓመት አርባ ላይ ተቀምጠሻል እኮ አንቺ ልጅ" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ከዚያ ሳህኑን ለሙኒራ ሰጧት። ሙኒራ የግማሹን በሉትፊያ ራስ ላይ አፈሰሰች፤ ብዙው ትከሻዋ ላይ ወረደ። የቀረውን ሉትፊያ በእሷ ላይ አፈሰሰች። ሳዮራ ኾላም ምራታቸውን እንደማይመልሷት፣ እስከሚመጣው ዓመት እንደሚጠብቁ በምስክሮቹ ፊት ተናገሩ።

ኢኖባት ከዚያ በኋላም ጧት ጧት ሽፋኑን ማንሳት አልተወችም። ማዳመጫውን ታደርጋለች፤ አራተኛውን ትጫናለች፤ መብራቷ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። በሰርግ ላይ የፋብሪካውን ከበሮ ትለቃለች፤ አሮጊቶቹ ተቀምጠው ያዩታል። ሁለት አዳራሾች ሌላ ሰው ጠርተዋል።

ኅዳር ላይ አንዲት የጊጅዱቫን ሴት ለልጇ ካባ ልታስጠልፍ ሉትፊያ ቤት መጣች። የምትፈልገው ጥልፍ የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ያየችውን ዓይነት ነበር፤ ለማሳየት በስልኳ የተቀረጸውን ሰርግ ከፈተች። "እዪ፣ እጀታው ጋ፣ አበባው ወደ ላይ የሚወጣው" አለች። ሉትፊያ እጀታውን አላየችም። ከስልኩ ውስጥ፣ ከሁካታው ሥር፣ ከበሮ እየመታ ነበር፤ ከሦስተኛው ምት በኋላ ጥቂት ዘገየ።

"ማን ነው የሚጫወተው?" አለች።

"ባህሪዲን ነዋ። አዲስ ምት አምጥቷል፤ አያቴ እንኳ ተነስተው ጨፈሩ። አሁን ወዳጆቹ ሁሉ ከእሱ እየቀዱ ነው አሉ።"

ሉትፊያ ልኬቱን ወሰደች፤ ቀለሙን ጻፈች፤ ሴትየዋን እስከ በር ሸኘቻት። ከዚያ ኢኖባት ዘንድ ሄደች። ኢኖባት ስትሰማ መጀመሪያ ያየችው ዳቦ ያለበትን መደርደሪያ ነው።

"ባለፈው በጋ ማሽኔን ሲጠግን ቀድቶታል" አለች። "እኔ እኮ በዳቦ ምያለሁ።"

"እኔ ዘንድ የለም ነው ያልሽው። የለም።"

"ሳዮራ ኾላ ቢሰሙ ልጅቷን ይመልሷታል።"

"ከኛ አይሰሙም።" ሉትፊያ ሻሿን አጠበቀች። "ባህሪዲን መቼ ነው የሚጫወተው?"

"ሐሙስ ሐሙስ አይቀርም፤ እዚያው ጊጅዱቫን። ሄደሽ ልታስጠፊው ነው ልትሰሚው?"

"እዚያ ስደርስ አውቀዋለሁ።"

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሁለቱ ሴቶች በጊጅዱቫን ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ገብተው፣ ሾፌሩ የቀሩትን ሁለት ተሳፋሪዎች እስኪያገኝ ተቀምጠው ጠበቁ።